የወይዘሮ ማንያህልሻል ጣሰው ሕይወትና የወደዱት የጃፓን ፊልም

ወይዘሮ ማንያህልሻል ጣሰው ከአባታቸው ከአቶ ጣሰው ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ዱባለ በ1944 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ።

አባታቸው የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ። ዓይናቸውን ታመው ሥራ ሲያቆሙ፣ ወይዘሮ ማንያህልሻል የቤቱ ታላቅ ነበሩና ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠው በአንድ ሲኒማ ቤት ትኬት ሻጭ ሆኑ። አቶ ጣሰው በልጃቸው ደሞዝ መኖርን እንደ ውርደት ቆጥረው ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ መቅረብ ተዉ።

በ1963 ዓ.ም. ሲኒማ ቤቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ፣ ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የጃፓን ፊልም አሳየ። ታሪኩ ከፋብሪካ ስለተቀነሰ አባት፣ ልብስ እየሰፋች ቤቱን ስለያዘች እናትና ስለ ልጆቻቸው ነበር። ሰይፍና ድብድብ የጠበቀው ተመልካች እያጉረመረመ ወጣ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አይተው፣ ቤት ሲገቡ ለአባታቸው ተረኩላቸው። በፊልሙ ውስጥ ሰውየው ቤቱን ጥሎ ሊጠፋ ባቡር ጣቢያ ይደርሳል፤ ሴት ልጁ ተከትላው ሄዳ «እራት ቀርቧል» ብቻ ትለዋለች።

አቶ ጣሰው አዳምጠው ሲጨርሱ «ተመለሰ?» ብለው ጠየቁ።

«ተመለሰ» አሏቸው።

በዚያው ምሽት አባት ከማዕዱ ተቀመጡ። ልጃቸውም በማታ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ አዘዙ።

ወይዘሮ ማንያህልሻል አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው በፖስታ ቤት ለረጅም ዓመታት አገለገሉ። በ1968 ዓ.ም. የሲኒማ ቤቱን የፊልም ማሽን ሠራተኛ አቶ ገብረየስን አግብተው ሲሞንንና ምህረትን ወለዱ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ በዲቪ ቀድሞ ወደ አሜሪካ የመጣው ልጃቸው ሲሞን እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ኮሎምበስ አመጣቸው። በከተማው ሂልቶፕ ሰፈር እየኖሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲገባ ሲሞን ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስበትን የሻትል ሹፌርነቱን አጣ። «ማሚ፣ ሌይ ኦፍ አደረጉኝ። ቴክሳስ ልሂድ፤ ልጆቼ እንዲህ ሆኜ አይዩኝ» አላቸው።

«የሄደው ሥራው ነው፤ አንተ ለምን ትሄዳለህ? ና፣ እራት ቀርቧል» አሉት።

ሲሞን ታሪኩን ከልጅነቱ ያውቀው ነበርና ሳቀ፤ ቀረም። ያ ዓመት ቀላል አልነበረም። ባለቤቱ ሉሊት በዕቃ መጋዘን ስትሠራ እሱ ከእናቱ ጋር ልጆቹን ይዞ ዋለ፤ በተከታዩ ዓመት እሱም ሥራ አገኘ።

ወይዘሮ ማንያህልሻል በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 3 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2022) በሰባ ዓመታቸው ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ ዐረፉ። እንደ ወለዷት ልጅ ሆና ሐኪም ቤት ያመላለሰቻቸውን ጎረቤታቸውን ሙኒራን እናመሰግናለን። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ፈጣሪ እንዲህ ያለች እናት ስለሰጠን ዛሬ ምስጋናችን ከሐዘናችን ይበልጣል። ለብዙዎች ማረፊያ የነበረችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን። አሜን።