በር ላይ የመለስኳቸው እናት

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ባጎነበስሽ ቁጥር ያምሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ለአንቺ ካልተናገርኩት ለማን እናገረዋለሁ?

የምጠብቀውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር በፎቶ አይተሽ፣ «ወንድሜ የበር ሹም ሆነልኝ» ብለሽ ስቀሽብኛል። ሰኞ ዕለት በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት በቤታቸው ጉዳይ የጻፉትን ይግባኝ ሊያስገቡ መጡ። ማመልከቻው የሚገባበት የመጨረሻው ቀን ነበር፤ መታወቂያቸው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ደንቡ በዚህ ጊዜ ከበሩ ስልክ ደውለህ ከቢሮ ሰው አስጠራ ይላል። እኔ ግን ሰልፉ ረዝሞ፣ ፀሐዩ አናቴን በልቶት፣ ስልክ ማንሳቱ ከበደኝና «አሳድሰው ይምጡ» አልኳቸው። ወዲያው ከረባት ያሰረ ሰው መጣ፤ ማንነቱን ሳላውቅ ሰላምታ ሰጥቼ አሳለፍኩት። «ልጄ፣ እሱስ ምን አሳየህ?» ቢሉኝ፣ እውነታቸውን ስለሆነ ጮህኩባቸው።

ሐሙስ አሳድሰው መጡ። ቢሮው ቀኑ አልፏል፣ ሰኞ መምጣትዎን የሚመሰክር ያምጡ አላቸው። በእኛ መዝገብ የሚጻፈው የገባ ሰው ነው፤ የተመለሰውን የሚጽፍ የለም። ምስክራቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። አለቃዬ «መጥተው ነበር?» ሲለኝ «አላስታውስም» አልኩ። ዓይናቸው እያየኝ ዋሸሁ፣ እታለም! እሳቸው ግን «ስንቱን ያስታውስ፣ ሰው ይረሳል» ብለው አለቃዬ ፊት ተከላከሉልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። 

ዛሬ ጠዋት መምጣታቸውን፣ የመለስኳቸውም እኔ መሆኔን ለአለቃዬ በጽሑፍ አመንኩ። ይግባኙን ይቀበሏቸው እንደሆነ ገና አልታወቀም። እኔ ከበሩ ተነስቻለሁ፤ ማዕረግ ሊጨመርለት ነው እያልሽ ለጎረቤት ያወራሽው ነገርም ቀርቷል። ሰው ሲጠይቅሽ አትሸፋፍኚልኝ። ለእማዬም ስታነቢላት ይቺን ክፍል እንዳትዘያት።

ባልሽን፣ ቀልዱ የማያልቅበትን፣ ሰላም በይልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ታናሽ እህታችንንም፣ ብታኮርፈኝም ናፍቃኛለች በያት። ለእማዬ ግን ሰላምታ አልላክሁም፤ መጀመሪያ ትስማኝ። ሰምታም «ልጄ» ካለችኝ ጻፊልኝ።

ችኩሉ ወንድምሽ
ከጥበቃ ጓድ ማደሪያ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥቅምት 18 ቀን