እማዬ መስኮት ላይ ያለው ኦርኪድ

ኅዳር 12

ብርድ። የግቢው ቧንቧ በውርጭ ረግቶ እስከ ረፋዱ አልቀለጠም። ቢሮ እንደወትሮው... መዝገብ አወጣሁ፣ መዝገብ መለስኩ።

ኩብራ ዛሬ ተሰናበተች። ወደ አረርቲ የጠየቀችው ዝውውር ተፈቅዶላታል። መዝገብ ቤት ውስጥ ስንት ዘመን ፊት ለፊት ተቀምጠን ኖረን፣ ስንለያይ የሰጠችኝ አበባ ነው። ኦርኪድ ይባላል። ወንድሟ ከአዲስ አበባ ያመጣላት ነው፤ አይሱዙ ላይ ከአልጋና ከቁም ሳጥን ጋር ተጭኖ በደህና አይደርስም አለች።

"አፈር የለውም፣ የተቀመጠው የዛፍ ቅርፊት ውስጥ ነው። ሥሩ በፕላስቲኩ በኩል ይታይሃል። አረንጓዴ ከሆነ ጠግቧል፣ አትንካው። ነጣ ብሎ ብር ሲመስል አጠጣውና ውሃው በሥር ይውረድ።"

"በቃ?"

"በቃ። ሰው አዝኖለት ሲያጠጣው ነው የሚሞተው።"

እማዬ ክፍል መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ከቤታችን ፀሐይ የምታየው እሷ ክፍል ብቻ ናት።

"ፕላስቲክ ነው?" አለች።

"አይደለም።"

"ይመስላል።"

ኅዳር 21

እማዬን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ካላት ሰንብቷል። ልብ ነው አለ ሐኪሙ። ኪኒን ጻፈ። ጨው ይቅር፤ ውሃ በቀን ከአንድ ትልቁ ሀይላንድ አይለፍ፤ ሻዩም ሾርባውም እዚያው ውስጥ ተቆጥሮ። ካለፈ ልቧ አይችለውም።

"ጸበልስ?" አለች።

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

"ጸበልም ሲጠጣ ውሃ ነው፣ እማማ። ጥቂት ይቅመሱ።"

ባጃጅ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ "ልጅ ነው" አለች። ሐኪሙን ነው።

ኅዳር 27

እትዬ ለተጊዮርጊስ ዛሬ ጸበል ይዘው መጡ። ቢጫ ጀሪካን ሙሉ። የእማዬ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ ናቸው፤ የሁለቱ ወዳጅነት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። በአንኮበር በኩል ካለው ጸበል ነው የሚቀዱት፤ ያንን ቁልቁለት በዚያ ጉልበት... እማዬ ከአልጋዋ ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።

"በባዶ ሆድሽ፣ ጠግበሽ ጠጪ። በየሳምንቱ አመጣልሻለሁ።"

"እሺ" አለች።

ሀይላንዱስ? ሐኪሙስ? ጀሪካኑን አንሥቼ ጓዳ አስገባሁት።

ታኅሣሥ 8

ኦርኪዱ ከታችኛው ቅጠል ሥር አረንጓዴ ነገር አወጣ። የስንዴ ፍሬ ታክላለች። በዚህ ዕድሜዬ በአበባ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደስ አለኝ።

ፎቶ አንሥቼ ለኩብራ በቴሌግራም ላክሁላት። "አትቸኩል" አለች። "ጫፉ ድቡልቡል ከሆነ ሥር ነው። ጠፍጠፍ ብሎ የጓንት አውራ ጣት ከመሰለ የአበባ ዘንግ ነው።"

አጉልቼ አየሁት። ጓንት መሰለኝ። ወይስ ጓንት እንዲሆን ፈልጌ ነው?

ያልገባኝ ነገር... ከሰጠችኝ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጠጣሁት። ሥሩ ግን እስከ አሁን አረንጓዴ ነው። ቅጠሉም ልፍስፍስ ብሏል። ብርዱ ይሆናል። እዚህ አገር ምን ይደርቃል?

ታኅሣሥ 15

ሥር ነው። ድቡልቡል። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ኩብራ፦ "ውሃ ታበዛለህ?"

እኔ፦ "ከአንዴ በቀር ጠብታ አላጠጣሁም።"

"እስቲ አንሣው። ይከብዳል?"

ይከብዳል።

"ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ ታጠጣለህ። አዲስ ነገር አወጣ ማለት ተስማማው ማለት አይደለም። የታቹ ሲበሰብስበትም ከላይ ሥር ያወጣል።"

ሙግቱን ተውኩት። መዝገብ ቤትም ሳለን እንዲሁ ነበረች፣ ፋይል ከጠፋ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 19

የእማዬ እግር ጎደል ያለ መሰለኝ። ኪኒኑ እየሠራ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? ጠዋት ጠዋት ትልቁን ኩባያ ጸበል ሞልታ ክፍሏ ትገባለች፤ ባዶውን ይዛ ትወጣለች። ከሰዓትም እንደዚያው። ኪኒኑ በአንድ በኩል ያወጣል፣ እሷ በሌላ በኩል ትሞላለች። "እማዬ፣ ቀንሺ" ብላት "ቀንሻለሁ" ትለኛለች። ዓይኔ እያየ።

እናቴ ስትዋሸኝ የመጀመሪያዋ ነው። ወይም እኔ ያወቅሁባት የመጀመሪያዋ።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በር ላይ ትንፋሽ አጠራት። አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ከንፈሯ ጠቆረ። ደግፌ አስገባኋት፣ እስኪመለስላት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

በዚያው ሰዓት እትዬ ለተጊዮርጊስ ጀሪካናቸውን አዝለው ደረሱ። በሩን ሙሉ አልከፈትኩላቸውም።

"እትዬ፣ ይሄን ውሃ ከእንግዲህ አያምጡ። እየገደሏት ነው።"

ተነጫነጩ? የለም።

"ውሃ አልከው?" አሉ።

ዞረው ሄዱ። ጀሪካኑ እንደሞላ ጀርባቸው ላይ።

እማዬ ከውስጥ ሰምታለች። "እንደሞላ አሸክመህ ሰደድካት?"

"ሐኪሙ እኮ..."

"ሐኪሙን ተወው። እንደሞላ?"

ታኅሣሥ 29

ገና። እትዬ ለተጊዮርጊስ አልመጡም። እሳቸው የሌሉበት ገና አላስታውስም። እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች... ጎረቤት ነው፣ የእቁብ ሰብሳቢው ነው።

ቀኑን ሙሉ ያናገረችኝ አንዴ ነው። "ጨው የለውም" አለች። ዶሮውን ነው።

ትክክል ነኝ። ትክክል መሆኔ ግን ምንም አላስደሰተኝም።

ጥር 6

ኦርኪዱን ሳነሣው ቀለለኝ። በፕላስቲኩ በኩል አየሁት፣ ጥቂቱ ሥር ብር መስሏል። ኩብራ ያለችው ብር! ሌላው ቡናማ ነው፣ ሲነኩት ይሟሽሻል፣ ይሸታል።

ብርዱ አልቀነሰም። ፀሐዩም ያው ነው። ታዲያ እንዴት አሁን ደረቀ? ቢሮ ተቀምጬ ሳስበው ዋልኩ። በዚህ ቤት የተለወጠ ነገር አንድ ብቻ ነው። ጸበል መምጣቱ ቀርቷል።

ማታ ሳልቆይ ገባሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ አበባውን ውሃ የምታጠጪው አንቺ ነሽ?"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ውሃ አላጠጣሁትም።"

"ጸበሉንስ?"

"ታዲያ የት ልድፋው? ሰው በሚረግጠው?"

"ሳትጠጪው?"

"እቀምሰዋለሁ። ትንሹም ትልቁም ያው ጸበል ነው። ከዚያ ያለፈውን... አበባህንም ይባርክልሃል ብዬ።" እግሯን ገልጣ አሳየችኝ። ቁርጭምጭሚቷ ተለይቶ ይታያል። "ይሄ ሲነፋ የማየው እኔ አይደለሁ? ያ ልጅ ሐኪም ያለውን ሰምቻለሁ።"

"ያን ቀን በር ላይ ትንፋሽ ያጠረሽስ?"

"ስቆም ስሰግድ ውዬ ነው። ሳላርፍ መጣሁ፣ ምን ታደርገዋለህ።"

"ለእትዬ ለምን አልነገርሽም?"

"በዚያ ጉልበቷ ገደል ወርዳ ያመጣችልኝን አልጠጣውም ልበላት?"

"ለእኔስ?"

"አንተማ ትነግራታለህ። አፍህ መቼ ያርፋል።"

ልክ ናት። ምንም ሳላውቅ እንኳ እትዬን ይባስ ተናገርኳቸው። አፈርኩ። ሐኪሙን የታዘዘችው እሷ፣ ሰው ያባረርኩት እኔ።

ጥር 8

ከቢሮ ወጥቼ እትዬ ለተጊዮርጊስ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ተቀመጥ አላሉኝም።

"እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ጸበሉን ያምጡላት።"

"ገዳይ አላልከኝም ወይ?"

"ብያለሁ።"

"አሁንስ?"

ምን ልበላቸው? እውነቱን ብነግራቸው እማዬን አዋርዳታለሁ። ብደብቃቸው እዋሻለሁ። "ናፍቀዋታል" አልኩ። ይሄ እውነት ነው።

ምስሩን አበጠሩ። "ጉልበቴን አሞኛል። ጥምቀት ይለፍ" አሉ። ከዚያ በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

ጥር 14

ኩብራ በስልክ እያዘዘችኝ ኦርኪዱን ገለበጥኩት። የበሰበሰውን በምላጭ ቆረጥኩ። ጠንካራ ሥር የቀረው ጥቂት ነው፤ ከላይ ያወጣትም አለች። አየር ላይ ያስቀረኋት። አሁን ዋናዋ እሷ ሆነች። "ይተርፋል?" አልኳት። "ኢንሻአላህ። ሳሎን አድርገው፣ እርሳው" አለች።

ማን ያጠጣው እንደነበረ ነገርኳት። ሳቀች። "አበባው ይሙት ግድ የለም" አለች፣ "እናትህ ትቆይልህ።"

የካቲት 3

ጠዋት በሬሳ ወደሚባለው ወንዝ ወርጄ ቄጠማ ከነሥሩ ነቀልኩ። የቀለም ባልዲ ውስጥ ከጭቃው ጋር ተክዬ እማዬ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት።

"ምንድን ነው?"

"ቄጠማ።"

"በዓል አለ?"

"የለም። ውሃ ይወዳል።"

ባልዲውን አየች። እኔን አየች።

"ምን ያህል?"

"የመጣለትን ያህል።"

ከሰዓት እትዬ ለተጊዮርጊስ መጡ፣ ጀርባቸው ላይ ቢጫ ጀሪካን። ፈጥኜ ተቀበልኳቸው። እማዬ እስከ በር ወጥታ ሳመቻቸው፣ ሳይደክማት። እትዬ ወደ እግሯ አጎነበሱ። "ጎድሏል እኮ" አሉ። ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "አየህ? አንተ ውሃ ነው ትለኛለህ።"

"አየሁ፣ እትዬ።"

ትልቁን ኩባያ እስከ አፉ ሞሉላት። "ጨርሺው።"

"እሺ" አለች እማዬ። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት ቀስ እያለች ክፍሏ ገባች። ተከትያት ሄጄ በሩን ዘጋሁላት።