በአደባባያችን እንሰት ስለሚፍቁት ጌታ

ቡታጅራ፣ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ገብረወልድ፣
የአደባባይ ሐውልት አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ስለ ጤናዎ ከማንም ይልቅ የምጸልየው እኔ ነኝ፤ በገበያው አደባባይ ያቆሙልንን ሐውልት ዓይንዎ ሳይደክም በየቀኑ እንዲያዩት እመኛለሁና።

እኔ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርቴን ጨርሼ የተመለስሁ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ። አምና ኮሚቴዎ ውድድር ሲያወጣ፣ አንዲት የአገራችን ሴት በዘመመ ሳንቃ ፊት ተቀምጣ፣ እንሰቱ እንዳይንሸራተት የምትረግጥበትን አንድ እግሯን ሰቅላ፣ በቀርከሃ መፋቂያ እንሰት ስትፍቅ የሚያሳይ ናሙና ከጭቃ ሠርቼ አቀረብሁ፤ ተመረጠም። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በዋሉልኝ ውለታ ላይ ነው።

፩ኛ፤ ሲሚንቶው እስከ አንገቷ ከደረሰ በኋላ መጥተው፣ «ልጄ፣ ከተማ በሴት አይወከልም፤ ወንድ አድርጊው» ሲሉ በአባትነት መከሩኝ። በእንሰት ጓሮ ያደጉ ሰው እንደመሆንዎ፣ በአገራችን ወንድ እንሰት እንደሚተክል እንጂ እንደማይፍቅ፣ ሴቶች ሲፍቁ በአጠገባቸው ማለፍ እንኳ እንደሚያፍር ይጠፋዎታል ብዬ አልጠረጠርሁም። እምቢ ብል አሰናበቱኝ። ስለ ዕረፍቱ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ በምትኬ የእህትዎን ልጅ አቶ አዳነን ሾሙ። አቶ አዳነ አዲስ አበባ ያደገ፣ የቤት ፕላን አሳምሮ የሚስል ወጣት ነው፤ እንሰት ሲፋቅ ግን አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ቀሚሷን በመሮ ጠርቦ ሱሪ አደረገው፤ ከረባት አሰረበት፤ አንገቷ ላይ ባለ ጢም ራስ አቆመ፤ ፊቱንም አጎቱን ሊያስደስት ከእርስዎ ፎቶግራፍ ቀዳው። የተሰቀለው እግርና መፋቂያውን የያዘው እጅ ግን ደርቀው ነበርና፣ ቢነኩ ስለሚሰበሩ እንደነበሩ ቀሩ። እነሆ ክቡርነትዎ ከረባት አስረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ እያየዎት እንሰት ይፍቃሉ።

ባለፈው የገበያ ቀን ከመስቃን በርበሬ ይዘው የመጡት ወይዘሮ ዘይባ ቆም ብለው አይተው፣ «ማሻ አላህ፣ ይህን የወለደች እናት ታድላ! የኔው ሰውዬ መፋቂያ አንስቶ አያውቅም» ሲሉ፣ ባልንጀራቸው ሃሊማ፣ «አያያዙስ ደህና ነው፤ ከረባቱን ግን ይፍታ፣ ጭማቂው ይረጨዋል» ብለው መለሱላቸው። ስለ አያያዙ ምስጋናውን የምቀበለው እኔ ነኝ፤ እጁ የኔ ሥራ ነውና።

፫ኛ፤ ከሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ «ነዳፊ፦ አቶ አዳነ» ተብሎ ተቀርጿል። በዚህ ላይ አልቀልድም። ናሙናውን ስሠራ እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት ስድስት ወር ሙሉ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣልኛለች፤ ያ ትከሻ የእርሷ ነው። ስለዚህ ስሜ በድንጋዩ ላይ እንዲጻፍ፣ ክቡርነትዎም ራስዎን ከእናቴ ትከሻ ላይ እንዲያወርዱ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በሐውልቱ ፊት ባለፍሁ ቁጥር ከአንገት በታች ላለው ክፍል ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ዘርፈሽዋል ገሠሠ
የሐውልቱ ነዳፊ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ገበያተኛ ሁሉ፤ ለማይችለውም የሚያነብለት አይጠፋም።

ማሳሰቢያ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ፣ የገበያው ሳቅ ስለበዛብዎ ሐውልቱ ከራሱ ጀምሮ በነጭ አቡጀዲ እንዲሸፈን ማዘዝዎን ሰምቼ ሄጄ አየሁት። ከሩቅ ሲያዩት ነጠላ የተከናነበች ሴት መስሏል። ሴትየዋን ስለመለሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የቀረው ስሜ ነው፤ እርሱን ለመቅረጽ ነገ ጠዋት መሮዬን ይዤ እመጣለሁና፣ ዘበኛው እንዳይደነግጥ አስቀድመው ይንገሩልኝ።