የአባትህ ቀኝ እጅ

ጅጅጋ፣ ጥቅምት ፰ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ልጄ ንብረት፣ ሰማዩንም ባሕሩንም የሠራ አምላክ በሰው አገር ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን።

ሄሊኮፕተርህ ውሃ ላይ እንደሚያርፍ የጻፍከውን ለባለሱቁ ለኸሊል ባነብለት፣ «ታዲያ ሞተሩ ውሃ አይገባበትም?» አለኝ። እኔም አላወቅኩም፤ ጻፍልን። እዚህ ውሃ የምናየው በአህያ ተጭኖ ሲመጣ ነው።

ሌላም ልጠይቅህ። ምጽዋ ተራ ባሕረኛ ሆነህ መርከብ ስታጥብ የነበርከው ልጅ፣ አሁን አብራሪም መኮንንም ሆነህ ስትመጣ ወታደራዊ ሰላምታ ቀድሞ የሚሰጠው ማነው? አባትህ ጡረታ ቢወጣም ያው ሃምሳ አለቃ ነው። እንዳይከፋው ብዬ ሲቪል ለብሰህ እንድትመጣ ልጽፍልህ ነበር።

ትናንት ግን ጓሮ አየሁት። ካራማራ ላይ ከቆሰለ ወዲህ ቀኝ እጁ ከትከሻው አልፎ አያውቅም። ከውሃው በርሜል ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ያንን እጁን ወደ ግንባሩ ያነሳል፣ ያወርዳል፣ እንደገና ያነሳል። ጆሮው ጋ ደርሷል። እንዳላየ ሆኜ ተመለስኩ።

ስለዚህ የደንብ ልብስህን ለብሰህ ና። አምላክ በደህና ያግባህ፤ ስትገባ ግን ጉልበቱን ለመሳም አትቸኩል። እጁ ግንባሩ እስኪደርስ ቆመህ ጠብቀው።

እናትህ አመለወርቅ