ውሃ ያላየ ጀልባ

አንተ ሰው፣ በዚህ ፖስት ካርድ ሥዕል ላይ ባለው ውሃ እንዳትቀና፤ እኔ ገና አላየሁትም።

ከሚስቴና ከአባቷ ጋር ጀልባ ልንገዛ መጥተን ሦስት ቀን ሙሉ ጀልባ ሠሪው ግቢ ውስጥ ነን። ከአንድ ዓይነት የድሮ የሞተር ጀልባዎች አንዱን ወለሉን ክፍት አድርጎ ለዓሣ አጥማጅ፣ ሌላውን ሶፋና ጣሪያ ጨምሮ ለቤተሰብ ሠርቶታል። አማቼ «መረቤን የት ልዘርጋ?» ይላሉ፤ ሚስቴ «ልጆቹስ የት ይቀመጡ?» ትላለች። ሽማግሌ ልሁን ብዬ ሦስተኛውን፣ የመቀመጫው ሆድ የዓሣ ሳጥን የሆነውን ባሳያቸው፣ «ልጆቼን ዓሣ ላይ?» «ዓሣዬ ላይ ሰው?» ብለው ተነሱብኝ። አባትና ልጅ ለአንዴ እንኳ ተስማሙ፣ ያውም በእኔ ላይ!

ልጆች ሳለን የአባትህ ጀልባ አንድ የመቀመጫ ጣውላ ብቻ ነበራት፤ መረቡንም ሰባታችንንም ችላ ትሄድ ነበር።

ቦታ አለቀብኝ፤ እናትህን ሳምልኝ። ይህን የምጽፍልህ ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ ነው፤ ጀልባው ግን ደረቅ መሬት ላይ ነው።