ዘጠኝ ቀን በመርፌ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22፣ ከሐኪም ቤት

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ስለ አባትሽ የጻፍኩልሽ ግን ትክክል አልነበረም፤ ይህን የምጽፈው ላርመው ነው።

“እግሬ ከዳኝ” ማለት የጀመረው ለሱቃችን የጨርቅ ጣቃ በሚራገፍበት ቀን ነው። አባትሽ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ጣቃ በመጣ ቁጥር ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። ጭነቱ ሲያልቅ ወገቡም ይድናል፤ እኛም ስቀን እናልፈዋለን። አንቺ “ሐኪም ቤት ውሰጂው” ስትዪኝ “አባትሽን አታውቂውም እንዴ?” ብዬ መለስኩልሽ።

እኔ በሻጭ አፍ ጨርቅ ገዝቼ አላውቅም። ክሩን መዝዤ አቃጥላለሁ፤ በጣቴ አሽቼ አያለሁ። እሱንም እንደዚያው ፈተንኩት። እንቅልፍ ሲወስደው የግራ እግሩን አውራ ጣት በመርፌ ወጋሁት። ንቅንቅ አላለም። ማስታወሻዬ ላይ “የተኛ ሰው ሲወጉት ይነቃል፤ ይሄ ነቅቶ ነው የሚያስመስለው” ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ቀን ወጋሁ፣ ዘጠኝ ቀን ጻፍኩ። የሱቁ መሰላል ላይም አወጣሁት። ሲወድቅ ገበያተኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

በአሥረኛው ቀን ሽንቱ ሲያመልጠው ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ አንቺን ታክላለች። ዓይኑን አስጨፍና በጥጥ ነካችው፤ በተሰበረ እንጨት ጫፍም ጫር ጫር አደረገችው። ከእምብርቱ በታች ምንም አላወቀም። “በእግርዎ ይግፉኝ አባባ” ብላ እግሩ ሥር መዳፏን ደቀነች፤ መዳፏ አልተነቃነቀም። ይሄን ሁሉ ማስመሰል ይቻላል እያልኩ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ ስታደርገው እግሩ ተስፈንጥሮ ሊመታት ምንም አልቀረው።

“ይኸው፣ ጤነኛ ነው” አልኩ።

“ይሄ ጤና አይደለም እማማ። እግሩ ከአንጎል የሚመጣለትን ልጓም አጥቷል፤ ህብለ ሰረሰሩን የተጫነው ነገር አለ። ሰው በአፉ ያስመስላል፤ በጅማቱ ግን አያስመስልም። መቼ ጀመረው?”

ማስታወሻዬን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ስትጨርስ ወደ እኔ አላየችም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጣ ኖሮ ይራመድ ነበር አለች። አሁን ቀዶ ጥገናው የሚጠቅመው ድንዛዜው ወደ ላይ እንዳይወጣ ብቻ ነው።

አባትሽ ሁሉንም ሰማ። “ዘጠኝ ቀን?” አለኝ። “እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት ጣቴ ላይ ደም ሳይ አይጥ መስሎኝ ነበር። ወጥመድ ግዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው።”

በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ተደረገለት። ሐኪሟ “መመዝገቡን ይችሉበታል” ብላ የጠዋቱን ፍተሻ ለእኔ ሰጠችኝ። ዓይኑን አስጨፍኜ ከጣቱ ጀምሬ እወጋለሁ፤ ተሰማኝ ካለ እጽፋለሁ። እስከ ትናንት አንድም ቀን ተሰማኝ አላለም።

ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ “ተሰማኝ” አለ።

“የት?”

“አውራ ጣቴ ላይ። ለልጅቱ ጻፊላት፣ አንቺም ትንሽ እንቅልፍ ተኚ።”

መርፌው ገና እጄ ላይ ነበር፤ አልነካሁትም።

ማስታወሻዬ ላይ “አልተሰማውም” ብዬ አስፍሬያለሁ። ላንቺ እሱ ያለውን ጽፌልሻለሁ።

እንቅፋት አይምታሽ፤ የረገጥሽው መሬት ሁሉ ይሰማሽ።

እናትሽ