ዋለልኝ የሚባል ሁሉ የልጄ ዘመድ አይደለም

ቶሮንቶ፣ ጥር 2009 እ.ኤ.አ.

ለክብርት የልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣

ይህ ደብዳቤ በፍጹም ጤንነት፣ በሞቀ ቢሮዎ ውስጥ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሴንት ጄምስ ታውን የምኖር የሶልያና እናት ነኝ። የቤተሰብ ስማችን ከየት እንደመጣ፣ ምን ማለት እንደሆነና እነማን እንደሚጠሩበት በጽሑፍ እንዳስረዳ በማዘዝዎ ክብር ተሰምቶኛል። ትእዛዙ የመጣው ሐሙስ ዕለት ከሆነው ነገር በኋላ መሆኑ ግን ስላጠራጠረኝ፣ ሌሎች ወላጆችም እንዲያነቡት መልሴን በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ አውጥቼዋለሁ።

፩. ስለ ምንጩ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ ከስሟ ቀጥሎ የአባቷን ስም ትይዛለች፤ ሚስትም ስላገባች የአባቷን ስም አትጥልም። ስለዚህ ባለቤቴ ዋለልኝ ደረጄ፣ ልጄ ሶልያና ዋለልኝ፣ እኔ ደግሞ ፋናዬ ሽፈራው ሆነን በአንድ ቤት በሰላም እንኖራለን። ሐሙስ ዕለት ልጅሽን ትኩሳት ይዟታል ተብዬ ከሥራ እየሮጥኩ ስደርስ፣ ደውላ የጠራችኝ ጸሐፊዎ ራሷ መታወቂያዬን አገላብጣ፣ ስማችሁ አይገጥምም ብላ ኮሪደር ላይ አስቀመጠችኝ። ልጄ በቢሮው በር መስታወት አይታኝ «ማሚ» እያለች ብታለቅስም በማስረጃነት አልተያዘም። ለጥንቃቄዋ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ስርጭቱ። ባለቤቴ ስልኩን አላነሳ ሲል ጸሐፊዋ ከስልክ ማውጫ ዋለልኝ የሚል ፈልጋ፣ አቶ ሰላሙ ዋለልኝ ለተባሉ የሬክስዴል ነዋሪ «ዘመድዎ ታማለች» ብላ ደወለች። አይተናቸው አናውቅም። እሳቸውም የማን ልጅ ታመመችብኝ ብለው ደንግጠው፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ በአውቶቡስና በምድር ባቡር መጡ። መታወቂያቸውን አሳይተው ወዲያው ገቡ፤ እኔ ደጅ ቀረሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እናት?» አሏት።

«የዋለልኝ።»

«የእኔም አባት ዋለልኝ ነበር፤ ግን ሌላ ዋለልኝ ነው። እናትሽስ የት ናት?»

ልጄ ወደ እኔ ጠቆመች። ጸሐፊዋ ፈርመው እንዲወስዷት ወረቀት ስታቀርብላቸው «ልጅቷን አላውቃትም፤ እናቷ ያቻት» ብለው፣ ባለቤቴ መልሶ ደውሎ እናቷ መሆኔን አረጋግጦ እኔ እስክገባ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሱም። የመጣው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ እያልኩ እስካሁን ሌሊት ተነስቼ አልጋዋን አያለሁ።

፫. ስለ ትርጉሙ። ዋለልኝ ማለት ደግ ነገር አደረገልኝ ማለት ነው። ቃሉ በቢሮዎ አሠራር እንዴት እንደሚተረጎም ግን ላገኘው አልቻልኩም።

ይህ ሁሉ ማብራሪያ የተፈለገው፣ ልጄ ለማያውቃት ሰው ልትሰጥ የነበረው በስማችን ጥፋት እንዲመስል ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። ተሳስቼ ከሆነ እባክዎ በጽሑፍ ያስረዱኝ።

እናትን ደጅ አስቀምጦ እንግዳን በሚያስገባው መስተንግዶዎ ዘወትር እየተደነቅሁ፣
አክባሪዎ ፋናዬ ሽፈራው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድንገት ቢያስፈልግ የሚጠራ ሰው አስመዝግቢ ስላሉኝ አቶ ሰላሙን አስመዝግቤአለሁ። ስማቸው ስለገጠመ አይደለም። በዚያን ቀን እናቷ የት እንዳለች የጠየቁ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው።